ከእንሰቱ ሥር የቀበርኳቸው ቅርንፉዶች

ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ቦንጋ፣ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ተጋድሜ፣ ወጣቷ ሐኪም የተቦረቦረውን የመንጋጋ ጥርሴን በነጭ ነገር ስትደፍነው፣ የቅርንፉድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያን ጊዜ ጥርሷን የታመመችው እናቴ ነበረች። ጉንጯ አብጦ ሦስት ቀን ሙሉ አልተናገረችም። ባለቤታቸው ከጅማ መጥተው ከእኛ ቤት አጠገብ ሱቅ የከፈቱት እትዬ ሐያት በጋዜጣ የተጠቀለለ ቅርንፉድ ይዘው መጡና አንዷን ፍሬ ከታመመው ጥርስ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ እንድትነክሳት ነገሯት። ጥቂት ቆይታ እናቴ አፏን ስትከፍት የመጀመሪያ ቃሏ ዶሮዎቹን ለምን ከጓሮ እንዳላስወጣሁ እኔን መስደብ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ስድብ የለም።

ሕመሟ ዳግም እንዳይመለስባት የተረፉትን ሰባት ፍሬዎች ደብቄ ከጓሯችን እንሰት ሥር ቀበርኳቸው። በእኛ አገር ኮረሪማውም ጥምዙም የሚመጣው ከጫካ ስለሆነ፣ ቅመም ሁሉ ጥላና እርጥበት ካገኘ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት በጣሳ ውኃ እያጠጣሁ፣ ዶሮ እያባረርኩ፣ አፈሩን ጎንበስ ብዬ እያሸተትኩ ስንት ሳምንት እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አልበቅል ሲለኝ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኩ። መምህር ወርቁ ሱሪያቸው እንደ ቢላ የተተኮሰ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ቅርንፉድ ለመብቀል ስንት ሳምንት ይፈጅበታል?»

«ተክለሽ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ልጆች፣ ሰማችሁ? ነገ ደግሞ ስኳር ትተክልልናለች!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ጨውም ትትከል!» አለ። እኔም ሞኝ ነኝና ሳቁ ጋብ ሲል፣ ዘር ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው ብዬ ደገምኩ። «የእንጨት ቅርፊት ነው፤ ተቀመጪ!» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ቅርንፉድ» ሆነ፤ አንዳንዱ ዛሬም አልተወውም። እኔም ትምህርቴን እስክጨርስ እጄን አላነሳሁም። ሳይገባኝ ገብቶኛል እያልኩ አደግኩ፤ ሥራም ስይዝ ሰው ብዙ ከማይጠይቅበት፣ ከመዝገብ ቤት ገባሁ። መምህሩ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ። አላለቀስኩም።

ሐኪሟ ስትጨርስ፣ «እማማ፣ የሚሸትዎት የቅርንፉድ ዘይት ነው፤ ሕመሙን ያደነዝዛል። ቤት ግን ዘይቱን ብቻውን እንዳይቀቡ፤ ድድ ያቃጥላል» አለችኝ። እንደ ልማዴ ራሴን ነቅንቄ ልወጣ ነበር። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጬ፣ «ለመሆኑ ቅርንፉድ ምንድን ነው? ዘር ነው?» አልኳት፤ ሳቋንም ጠበቅኩ።

አልሳቀችም። ጓንቷን አውልቃ ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቀላ ያሉ እምቡጦች ተሰብስበዋል። «አበባ ነው፣ እማማ። ሳይፈካ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቢተክሉት አይበቅልም።»

አበባ! ቅርፊት አይደለም። መምህር ወርቁ አላወቁም ነበር፤ አለማወቃቸውን በእኔ ላይ በመሳቅ ነበር የሸፈኑት። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፤ አልደብቅም።

ሐኪሟ ቀጠለች፤ በቅርንፉድ ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚሉት፣ የሰውነትን ሴሎች ከጉዳት የሚከላከል ነገር በብዛት እንዳለ፣ በላቦራቶሪ ጥሩ ውጤት ማሳየቱን፣ በሰው ላይ ግን ገና ብዙ ጥናት እንደሚቀር ነገረችኝ። «በብልቃጥ ከሠራ በሰው ላይ ምን ያግደዋል?» አልኳት። «ሙሉ መልሱን እኔም አላውቀውም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አንብቤ እነግርዎታለሁ» አለች።

አላውቀውም። ይህችን ቃል ያ ሰው ለዚያች ልጅ ቢላት ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ማን ያውቃል፤ ሳልጠይቅ ያሳለፍኳቸውን ዓመታት የሚመልስልኝ የለም። ከበሩ ውጪ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ያጉረመርማሉ። ይጠብቁ አልኩና ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቅኳት።