የኮሌጁ ኢሜይል ዘበኛ

ሰገን ፎገራ፣ ወረታ ከተማ ገብታ ሥራ ከያዘች ዓመታት አልፈዋል፤ ከአምና ወዲህ ግን ከአከራይዋ ከእትየ ገላነሽ በቀር ቤቷን አንኳኩቶ የገባ ሰው የለም። የአገሩ ሰው ክፉ ሆኖባት እንዳይመስላችሁ። የፎገራ ሰው እንኳን ለሰው ለከብቱም ደግ ነው። ጣጣው ሥራዋ ነው፤ የኮሌጁ ኢሜይል ዘበኛ ናት። ዘበኛን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላም ይለዋል እንጂ «ና አብረን እንብላ» የሚለው የለም።

ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረም። አምና «የደመወዝ ጭማሪ» የሚል መልእክት መጣና የሒሳብ ክፍሉ ዘመነ ሳያቅማማ ከፈተው። ይህን የመሰለ ወሬ መጥቶለት የማይከፍትስ ማን አለ? ቫይረሱ አዲስ ነበር። ጸረ ቫይረስ የሚሉት ነገር መልኩን የሚያውቀውን ሌባ ብቻ የሚይዝ ጥበቃ ነው፤ አዲስ ሌባ ሲመጣ «ግባ ጌታው» ብሎ ያሳልፈዋል። የተማሪው ውጤት ሁሉ ተቆለፈ፤ ተማሪው እያለቀሰ እንደገና ተፈተነ፤ ዘመነም ለብዙ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሰገን ያን ጊዜ የኮሌጁን ዲን አሳምና ደንብ አወጣች። ከውጭ የመጣና ፋይል የተያያዘበት መልእክት ሁሉ እሷ ዘንድ ይያዛል፤ ከሌላው ጋር ባልተገናኘ ኮምፒውተር ከፍታ አይታ ትለቀዋለች። ከለቀቀችው በኋላም ላኪውን የማያውቅ ሰው ደውሎ ሳይጠይቃት አይከፍትም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል አይደል የሚባለው።

ደንቡ ቫይረሱን አስቀረ፤ እሷንም ከሰው ለየ። «ሴትዮዋ ካላነበበችው ደብዳቤ አይደርሰንም» እያሉ ያሟታል። የባሱት የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ አያልነህ ናቸው፤ ባገኟት ቁጥር በነገር ሳይወጉ አያልፏትም። ምሳ ቤት ስትገባ ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል። በኅዳር ቅዳሜ፣ ባልደረቦቿ ለሩዝ አጨዳ ወደየቤተሰባቸው ሲበተኑ፣ እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መርሐቤቴ ላሉት እናቷ ትደውላለች። እናቷ ከመስከረም ወዲህ ታመዋል። ሕመማቸውን ትተው ሁልጊዜ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፦ ለመሆኑ ሰው አለሽ ወይ? እሷም ሞልቶኛል፣ አታስቢ ትላቸዋለች። ምን ትበላቸው?

አንድ ኀሙስ ከሰዓት በኋላ ሌላው ሁሉ ከሕንፃው ወጥቶ አዳራሽ ለስብሰባ ገብቶ ሳለ አንድ የተያዘ መልእክት አገኘች። «አስቸኳይ፤ ለሰው ሀብት ክፍል» ይላል። መቼም አስቸኳይ ያልሆነ ቫይረስ የለም። ላኪው የማይታወቅ ኢንተርኔት ቤት ነው፤ የፋይሉ ስም ዝም ብሎ የቁጥር ክምር ነው። ይኼማ ለይቶለታል ብላ በዚያ ለብቻው በተቀመጠው ኮምፒውተር ከፈተችው።

ቫይረስ አልነበረም። በስልክ ፎቶ የተነሣ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም የወንድሟ የእንግዳው ነው። የሰገን ወንድም ነኝ፤ እናታችን ትናንት ዐረፈች ይላል። የኮሌጁን ስልክ ብንደውል የሚያነሣ አጣን፤ የጓደኛዋን ስልክ ብንፈልግ የአንድም ሰው የለንም። እናታችን ሰው ሞልቷታል ትል ነበር፣ ስማቸውን ግን አናውቅም። እባካችሁ ጎረቤት ሰብስባችሁ መርዶውን ጧት በማለዳ ንገሯት። አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ።

መርዶ እንዲህ አይሰማም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ ክንድ ይዞ ሌላው ወገብ ደግፎ ነው የሚነገር። ለጠላት እንኳ ለብቻው አይነገርም። ሰገን ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ጩኸቱ ግን አልወጣም። ማን ሊሰማው? ከማሽኖቹ ድምፅ በቀር በሕንፃው ውስጥ ምንም አልነበረም።

ለወንድሟ መደወል ትችል ነበር። ሻንጣዋን አንሥታ መናኸሪያ መውረድም ትችል ነበር። ግን እንዲያ ካደረገች በዚህ አገር ሳለች እናቷ መሞታቸውን ማንም ሳያውቅላት ልትሄድ ነው። እሷ የፈለገችው ሰው እንዲመጣላት ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ስለዚህ መልእክቱን ለአቶ አያልነህ ለቀቀችው። ሰውየው ኢሜይል ማየት አይወዱም፤ ባያዩትስ? ቢያዩትስ፣ ለእሷ ብለው ሰው ይሰበስባሉ? ይህን እያሰበች ከወንበሯ ሳትነሣ ቆየች።

በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ። አቶ አያልነህ ናቸው። ከማያውቁት ሰው መልእክት እንደ መጣላቸው ነገሯትና እንደ ልማዳቸው ወጋ አደረጓት። «እንግዲህ ደንብሽ ነው፤ ልክፈተው ወይስ በሽታ አለበት?»

ሰገን መለሰችላቸው፦

«ንጹሕ ነው፣ ጋሼ አያልነህ። ይክፈቱት።»

ወደ ማታ ከሥራ ስትወጣ ዘመነ ከኋላዋ ደርሶ ምሳ በልታ እንደ ሆነ ጠየቃት። ከአምና ወዲህ አነጋግሯት አያውቅም። ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም፤ ያን ጊዜ ወሬው እንደ ተዳረሰ ገባት። እሷም እንዳላወቀ ሰው በልቻለሁ ብላ ቤቷ ገባች። ያንን ሌሊት እንዴት እንዳነጋችው እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

ሲነጋጋ ባጃጅ ከደጅ ቆመ። ሌላ ተከተለ። ደግሞ ሌላ። ሳያንኳኩ ከፈተች። ዲኑ፣ ዘመነ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ከሰላምታ በቀር የማያነጋግሯት መምህራን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞልተውታል። እትየ ገላነሽ በጎን መጥተው ወገቧን ያዟት። አቶ አያልነህ ቆባቸውን አውልቀው «ልጄ፣ እናትሽ ዐርፈዋል» ሲሏት፣ ከትናንት ጀምሮ አንቋት የነበረው ጩኸት ወጣ። መንደሩ ሁሉ ሰማው።

ለቅሶው ጋብ ሲል አቶ አያልነህ ከአጠገቧ ተቀምጠው ነበር። አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ፊታቸው ልውጥ አለ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣

«ትናንት ንጹሕ ነው ስትይኝ… አንብበሽው ነበር?» አሏት።

ሰገን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እንደገና ማልቀስ ጀመሩ፤ ያሁኑ ለቅሷቸው ግን ለእናቷ አልነበረም።