ከአክስቴ አጥር ያልተለቀመው ቀጋ

ከጎንደር የወጣሁት በኅዳር መጨረሻ፣ ለአባቴ የቀጋ ፍሬ ፍለጋ ነው። አባቴ አለሙ ደረቱን ከታመመ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎት፣ ፒያሳ ባለችው ሻይ ቤቴ ከማፈላው የፍራፍሬ ሻይ በቀር የሚቀምሰው አልነበረም። አፈላሉን ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ የደረቀ ቀጋ፣ ጦስኝ፣ የሎሚ ልጣጭና ጥቂት ቀረፋ። አንድ ቀን ግን ብርጭቆውን መለሰልኝ።

«ይሄ የገበያ ቀጋ ነው» አለኝ። «ከተወለድኩበት ቤት ጓሮ ያለውን አምጪልኝ። እህቴ የሺ እዚያው ናት።»

እህት እንዳለችው ያን ቀን መስማቴ ነው። ስለ አገሩ አውርቶልኝ አያውቅም። ልነሳ ስልም መንደሩን ነገረኝና፣ «የማን ልጅ ነሽ ካሉሽ የጎንደር ነጋዴ ነኝ በይ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። የበሽተኛ ጭንቀት መሰለኝና እሱንም ሻይ ቤቱንም ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ወጣሁ።

እስከ ደባርቅ

ኑግ ጭኖ ወደ አስመራ የሚሄድ ማኪና ጋቢናው ውስጥ ቦታ አገኘሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቴን አደነዘዘው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ ይታጨዳል። ሾፌሩ ምን እንደምፈልግ ሲሰማ ሳቀ።

«ቀረፋሽ ከባሕር ማዶ መጥቶ በምጽዋ ይገባል። ሎሚሽን ከሊማሊሞ በታች፣ ከዛሪማ ቆላ እኔው ነኝ የማመጣው። ሻይሽ ከኔ የበለጠ አገር አይቷል!»

ዳባት ላይ የጾም ሽሮ በላን፤ ወደ ማታ ደባርቅ ገባን። ባደርኩበት ቤት አያ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ አገኘሁ። በየሺ መንደር በኩል ስለሚያልፉ አብረን እንድንሄድ ተስማማን።

በደጋው ላይ

በማለዳ በቅሏቸውን ተከትለን ወጣን። ሜዳው ላይ ጦስኙ ከመሬት ጋር ተጣብቆ በቅሏል፤ በረገጥነው ቁጥር ሽታው ይነሳል።

«ለሳል ሸጋ ነው» አሉኝ አያ ተሰማ። «የሆድ ቁርጠትም ያስታግሳል።» ቀጋውን ደግሞ ከገደሉ አፋፍ አሳዩኝ፤ እሾሁ ልብስ ይይዛል፣ ፍሬው ቀልቷል። አንዱን ሰንጥቀው በውስጡ ያለውን ጸጉር በጥፍራቸው ጠረጉት። «ይህ ካልወጣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ከወጣ ግን ከሕመም ለተነሳ ሰው ጉልበት ይመልሳል። ምነው ታዲያ እዚህ ድረስ ደከምሽ? ደባርቅ ገበያ ሞልቶ የለም?»

«የየሺን ጓሮ ቀጋ ነው የምፈልገው» አልኳቸው።

የያዙትን ፍሬ ጥለው በቅሏቸውን ነዱ። መንደሩ አፋፍ ስንደርስ ቤቱን በጣታቸው አሳይተውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የሺ ቤት

አክስቴ አውድማ ዳር ገብስ ታበጥር ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ሰፌዱን አስቀመጠች።

«የአለሙ ልጅ ነሽ» አለች። ፊቴ ፊቱ ነው፤ መዋሸት አልሆነልኝም።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሞተ?»

«ታሟል። ከጓሮዎ ቀጋ አምጪልኝ ብሎ ነው የላከኝ።»

ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አጥሩ በሙሉ ቀጋ ነው፤ ቅርንጫፉ ከፍሬው ብዛት ጎንበስ ብሏል። ከኋላው የጠቆረ የድንጋይ ግድግዳ ቆሟል።

«ባሌ አርበኛ ነበር» አለችኝ። «በጣሊያን ጊዜ ቆስሎ ቤት ገባ። መግባቱን ያወቀ ወንድሜ ብቻ ነው። በማግሥቱ አለሙ ወታደር እየመራ መጣ። ባሌን እዚህ አጥር ሥር ገደሉት፤ ቤቱን አቃጠሉት። አጥሩም አብሮ ነደደ። ቀጋው ግን ከሥሩ አቆጠቆጠ።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እኔን እንቅፋት ሲመታኝ እንባ የሚቀድመው አባቴ ነው ይህን ያደረገው!

ቤት አስገብታ የገብስ ቂጣ አቀረበችልኝ፤ አልነካሁትም።

«ብዪ፤ ባንቺ ቂም የለኝም» አለች። «ጦስኙ የሜዳ ነው፣ የእግዜር ነው፤ የፈለግሽውን ያህል ልቀሚ። ቀጋው ግን የኔ ነው። አንዲት ፍሬ አልሰጠውም።»

አልለመንኳትም። በማግሥቱ ጦስኝ ለቀምሁ፤ ቀጋውን ከደባርቅ ገበያ ገዛሁ።

ጎንደር

ቤት እንደገባሁ ሻዩን አፈላሁ። አባቴን በትራስ ደግፌ አቀናሁት። ፉት አለና ዓይኑ በራ።

«ይሄ ነው! የሺ በእጇ ለቀመችልኝ?»

ለመድኃኒት እንዳልላከኝ ያኔ ገባኝ። አዎ ብዬው ቢሆን በደስታ ይሞት ነበር። አዎ ማለት ምንም አያስከፍለኝም ነበር፤ ግን የየሺን ይቅርታ እኔ ከየት አምጥቼ እሰጠዋለሁ?

«አልሰጠችኝም፣ አባባ። ቀጋው የገበያ ነው።»

ብርጭቆውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ደግ አደረገች» አለ። ከዚያ ጠጥቶ ጨረሰው።

ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሳንም። እግሩን አጠብሁ፣ ልብሱን ቀየርሁ፤ እንደ ልጅ ማድረግ የሚገባኝን አላጎደልሁም። በእሱ መናደዴና ለእሱ መራራቴ አንዱ ሌላውን ሳያባርር አብረው መኖር እንደሚችሉ ያስተማረኝ ይህ ጉዞ ነው። ሆኖም የሺ ተሳስታለች ብዬ አንድም ቀን አላሰብሁም።

አባቴ የገና በዓል ሳይደርስ ሞተ። በዚያው ሾፌር በኩል ለአክስቴ መርዶ ላክሁ። በለቅሶው ላይ ከደባርቅ በኩል የመጣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ይመጣል ብዬ በሩን አልጠበቅሁም።