ሊቀመንበር ተክለብርሃን ሪፒተር ሲመርቁ

ጋሼ ተክለብርሃን በሎስ አንጀለስ ያልመሩት ማኅበር የለም፤ መርተውት የቆመም የለም። የታክሲ ነጂዎችን ማኅበር መሩና ለሁለት ተከፈለ። የፓርኪንግ ሠራተኞችን መሩና ለሦስት ተከፈለ። የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ሲሆኑ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተጣሉ፤ እነሱን የሚያስታርቅ ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የእሱም ሊቀመንበር እሳቸው ሆኑ። ክፉ ሰው አይደሉም። እጃቸውም ንጹሕ ነው። ችግራቸው አፋቸው ነው፤ ማይክ ከያዙ አይለቁም።

ሥራቸው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ አንድ ሕንፃ ሥር የፓርኪንግ ተቆጣጣሪነት ነው። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥም ቢሆን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነው የሚቀመጡት፤ መቼ ንግግር እንደሚያስፈልግ አይታወቅምና። ለሚከፈት ሱቅም ሆነ ለሚመረቅ ልጅ የሚሆን ወረቀት ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም።

ያንን ልብስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተኮሱት ባለቤታቸው እትዬ ቦሰና ናቸው። በበጋው የማኅበር ግብዣ ላይ ግን መረራቸው። ጋሼ ተክለብርሃን ሠላሳ አንድ ሰው በስም እየጠሩ አመሰገኑ፤ የአዳራሹ ዘበኛ እንኳ አልቀረም። ሦስት ቀን ሙሉ ወጡን የሠሩትን ሚስታቸውን ረሷቸው። በማግስቱ እትዬ ቦሰና ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከተራራው ማዶ ቫን ናይስ፣ ልጃቸው ራኬብ ዘንድ ገቡ። «ስሜን በሰው ፊት የጠራህ ቀን እመጣለሁ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። የጋሼ ተክለብርሃን ምሳም እራትም ምግብ ቤት ሆነ፤ ሸሚዛቸው ተጨማደደ፤ ደንበኞቻቸው ሳይቀሩ «ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም?» ማለት ጀመሩ። ደህና አልነበሩም። ቤቱ ውስጥ የሚያዳምጣቸው ሰው አጡ፤ ለእሳቸው ደግሞ ከዚህ የባሰ ረሃብ የለም።

የመገናኛ ሬዲዮው ማኅበር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ኢስሃቅ የሚባል ሊሞዚን የሚነዳ የወሎ ልጅ አለ፤ ሥራ እንጂ ወሬ የማያውቅ። በሎስ አንጀለሱ የሰደድ እሳት ጊዜ ፓሳዴና ያሉ ዘመዶቹ ስልካቸው ተቋርጦ ሁለት ቀን ድምፃቸው ከጠፋበት ወዲህ ስለ ሬዲዮ ማጥናት ጀመረ። ሃያ ሰው አሰባስቦ ፈቃድ አስወጣ፤ ከሆሊውድ በላይ ኮረብታ ላይ ያለ ወዳጁን ጣሪያ ለምኖ ሪፒተር ተከለ። ሪፒተር ማለት ከትንሿ የእጅ ሬዲዮ የሚመጣውን ድምፅ ከፍታ ላይ ሆኖ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ተራራ ማዶ ላለው የሚያስተላልፍ ማሽን ነው። አባል ይሁን አይሁን፣ ፈቃድ ያለው ሁሉ በነጻ እንዲጠቀምበት ተወሰነ። ሊቀመንበር የሚባል ነገር በእቅዱ ውስጥ አልነበረም። ጋሼ ተክለብርሃን ግን ሰምተው መጡ፤ ሽማግሌን ደግሞ «ቦታ የለም» ብሎ የሚመልስ ማን አለ?

ከምረቃው በፊት ኢስሃቅ ቀስ ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከያዘው ማሽኑ ይዘጋል። ቁልፉን እስኪለቁት ድረስ ለእርስዎም ለሌላውም አይሠራም። ሶ፣ በየሦስት ደቂቃው ለቀቅ ያድርጉት።»

«ይህ ሕግ ሊቀመንበርንም ይመለከታል?»

«ማሽኑ ሰው አይለይም፣ ጋሼ።»

«ምረቃ መሆኑን ንገረው» አሉ ጋሼ ተክለብርሃን፤ ነገሩ ተዘጋ።

ራኬብ ዘንድም ደወሉ፤ እሷም ፈቃድና የእጅ ሬዲዮ ካላቸው ከሃያዎቹ አንዷ ናት። «እናትሽ እሁድ በስምንት ሰዓት ሬዲዮውን ትክፈት። ስሟን ትሰማለች» አሉ። ንግግሩ አሥራ ስምንት ገጽ ነበር። ቦሰና የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበሩ። ጣፋጭ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀርበው ብለው አስበው ነው፤ እንዲህ የሚያስብ ባል ሞልቷል።

እሁድ ፌርፋክስ ላይ ያለ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ተክለብርሃን ሬዲዮውን አፋቸው አጠገብ ያዙ፣ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት አሉ። የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት ቤተሰቦች አሉ። የተከበሩ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ የተከበሩ የኮረብታው ቤት ባለቤት፣ በክብር ያልመጡ የክብር እንግዶች... ሁሉም ተከበሩ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው «እኔም ለዚህ ማኅበር ስል ሕይወቴን» ሲሉ፣ በየሰዉ እጅ ባለው ሬዲዮ ላይ የምትበራው ትንሽ መብራት ድርግም ብላ ጠፋች።

ሁሉም አየ። አንዱ ሌላውን አየ። ሽማግሌ እየተናገረ ማን ያቋርጣል? እንዲያውም ጥፋቱን ለመሸፈን አጨበጨቡላቸው። ኢስሃቅ በሩ አጠገብ ቆሞ ሦስት ጣቱን ዘረጋ። ጋሼ ተክለብርሃን ሦስተኛውን ነጥብ ወደደው ብለው ሦስተኛውን ነጥብ ደገሙለት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሳቸው ሁለቱም ከሄዱ ቆይተዋል። አርባ ደቂቃ ተናገሩ። የሬዲዮን ታሪክ ተናገሩ፤ የራሳቸውን ታሪክ ከዚያ አስረዝመው ተናገሩ። ቁልፉን የያዘው አውራ ጣታቸው እስኪነጣ አልለቀቁትም። በመጨረሻ አሥራ ስምንተኛው ገጽ ላይ ደረሱ። «ከላይ በዝርዝር የገለጽኩት ሁሉ የተሠራው ባለቤቴ ቦሰና በተኮሰችው ሸሚዝ ነው። ቆሜ ስናገር እሷ ምድጃ ሥር ነበረች። አላየኋትም ነበር፤ አሁን አየኋት» አሉ። እውነት ለመናገር ጥሩ ንግግር ነበር። እንባውን የጠረገም አለ።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ኖርዝ ሆሊውድ የሚኖሩት አባል እትዬ ሲቲና ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ድስት ታቅፈው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ገቡ። ጋሼ ተክለብርሃንን ባዩ ጊዜ ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«አልሞቱም እንዴ?»

«ማን? እኔ?»

«‹ለዚህ ማኅበር ስል ሕይወቴን› ብለው ጭጭ አሉ። ብጠራ ማሽኑ አይመልስ። ለልቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ የእራቴን ምስር ከነድስቱ ይዤ፣ በፍሪዌይ ድራይቭ አድርጌ መጣሁ።»

ጋሼ ተክለብርሃን ወደ ኢስሃቅ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የተዘጋው?»

«ከሦስተኛው ደቂቃ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እርስዎ ሲናገሩ ማቋረጥ ነውር ይሆናል ብለን ነው፣ ጋሼ።»

አውራ ጣታቸው በራሱ ጊዜ ከቁልፉ ላይ ተነሳ። ሬዲዮው ጢጥ አለ፤ ወዲያው የእትዬ ቦሰና ድምፅ ከቫን ናይስ ጥርት ብሎ ገባ።

«ጨረስክ?»

እትዬ ቦሰና ቀጠሉ።

«ሲቲና ሞተ ብላ ደወለችልኝ። አይሆንም፣ እሱ ሞቶም ዝም አይልም አልኳት። ስሜን ጠራኸው?»

«ጠርቻለሁ፤ እግዜር ምስክሬ ነው።»

«እኔ አልሰማሁም። እግዜር ቫን ናይስ አይኖርም።»

ጋሼ ተክለብርሃን ቶሎ ብለው የመጨረሻውን ገጽ አነሱ። «ከላይ በዝርዝር የገለጽኩት» ይላል። ከላዩ አሥራ ሰባት ገጽ ከሌለ የሚያቆመው ነገር የለውም። ወረቀቱን አስቀመጡት። ቁልፉን ተጫኑ።

«ቦሰና» አሉ።

ሌላ ቃል አልመጣም። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ፤ እንደገና ከፈቱ። ስንት ማኅበር በንግግር ያፈረሱ ሰው ለገዛ ሚስታቸው አንድ ቃል አጡ። አንጀት ይበላሉ። ትንፋሻቸው ብቻ ኮረብታውን ወጥቶ ቫን ናይስ ይወርዳል። እንዲሁ እንደቆሙ ሦስቱ ደቂቃ ሞላና ማሽኑ ዘጋ። አሁን ግን ኢስሃቅ ነውሩን ረስቶ ተጠጋቸውና ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አነሳላቸው።

ሬዲዮው ጢጥ አለ።

«ይሄኛው ይሻላል» አሉ እትዬ ቦሰና። «ነገ ከሥራ ስትወጣ መጥተህ ውሰደኝ። መኪና ውስጥ ግን እንዳታወራ።»