ቶሎ የምታድነው አማካሪ

የአእምሮ ጤና ክሊኒኩ ባለቤት ቀድሞ ጫማ ነጋዴ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የሚያቅደውም እንደ ጫማ ቤት ነው፤ ተመላሽ ደንበኛ ያነሰው አማካሪ ክፍሉን ይለቃል። ዘንድሮ ተመላሽ ያነሳት የሚስቱ ታላቅ እህት ነበረች። ሰዎች ጭንቀታቸውን ይዘው ይመጡባታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አመስግነዋት ይሄዳሉ፤ በዚያው ይቀራሉ።

«እትዬ፣ ምን አድርገሻቸው ነው የሚቀሩት?»

«ድነው ነዋ!»

«እነሱ ዳኑ፣ እኔን ግን ገደልሽኝ! አጠገብሽ ያለችውን አማካሪ እያት፤ ክፍሏ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ስድስት ዓመት የተመላለሰ ሰው አላት።»

«እሱማ ሶፋዋ ተመችቶት ነው» አለች። ሠራተኞቹ ሳቁ።

ባለቤቱ ግን የመጪውን ዓመት ኪራይ ሲያነሳ ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ላብ አጠመቀው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እህቲቱ አጠገቡ ተቀምጣ ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ አደረገችው፤ የፈራውንም አንድ በአንድ አናዘዘችው። ላቡ ደረቀ።

«አሁንስ?»

«ቅልል አለኝ። አየሽ ጥፋትሽን? እንግዲህ እኔ ራሴ ምን ብዬ ልመለስ?»

ከዚያም ክፍሏን ለባልደረባዋ የሚሰጠውን ዕቅድ ረጋ ባለ እጅ ፈረመ።