የጥር ጽዋ

ወረርሽኙ ከመምጣቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በስደት ባለሁበት አገር፣ ሪከንባከር በሚባለው የመጋዘን ሰፈር ዕቃ ሳነሣ ወገቤ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ የምኖረው መንግሥት በሚከፍለኝ የአካል ጉዳት ድጎማ ነው። የማኅበራችን ሴቶች ይህን ሲያውቁ አዘኑልኝ፤ ሐዘናቸው ከወገቤ ብሶ አመመኝ።

ማኅበራችን የማርያም ነው። ጽዋውን የተረከበች ሴት በሚቀጥለው ወር ቤቷ ታበላለች፣ ታጠጣለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን የሁላችን ታላቅ የሆኑት እትዬ ጽዋውን ከፊቴ አሳልፈው ለቀጣይዋ ይሰጣሉ። «አንቺ ብቻ ነይልን፣ የኔ እናት» ይሉኛል። የማላበላ እንግዳ ሆኜ ቀረሁ። እንደዚህ ያለ ሰው ሌሎች ሲስቁ አብሮ ይስቃል እንጂ ቀልድ አይጀምርም።

ድጎማው በየዓመቱ የኑሮ ውድነቱ እየታየ ከጃንዋሪ ጀምሮ ይስተካከላል። አብዛኛውን ጊዜ ጭማሪው ተጨመረ ለመባል ያህል ነው። በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ ግን «ዘንድሮ ለብዙ ዓመት ያልታየ ነው የተጨመረው» ተባለ። ዘይቱም ሥጋውም ለብዙ ዓመት ባልታየ ዋጋ እየተሸጠ መሆኑን ልብ አላልኩም። በታኅሣሥ ማኅበር እትዬ ጽዋውን እንደ ልማዳቸው ሊያሳልፉብኝ ሲሉ ተነሣሁ።

«ጥር የእኔ ነው።»

«ጥር እኮ አስተርእዮ ነው፣ ልጄ። ትልቅ በዓል ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። ተጨምሮልኛል።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ የሕክምና ኢንሹራንሱ ክፍያ ጨመረ፤ እሱ ድጎማው ገና እጄ ሳይገባ ከላይ ተቆረጠ። ቀጥሎ የአፓርትመንቱ ቢሮ ጠራኝ። ቤቴ መንግሥት የሚደጉመው ስለሆነ ኪራዩ የሚሰላው በገቢዬ ልክ ነው። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን እያየች ገቢሽ ስለጨመረ ኪራይሽም ይጨምራል አለችኝ፤ ፈገግታዋ ደግሞ ደስ ያላት ይመስል ነበር። የተረፈችኝ ገንዘብ ከደርዘን በላይ ለሆኑ ሴቶች ዶሮ መግዛት ቀርቶ ሽንኩርቱንም አትችልም።

«ማም፣ ጀስት ቴል ዜም» አለችኝ ልጄ፤ በቃ ንገሪያቸው ማለቷ ነው።

ምን ብዬ? ጭማሪውን ኪራይ ወሰደብኝ ብዬ አንዴ የተቀበልኩትን ጽዋ ልመልስ? ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው እንጃ፣ በሳምንቱ እትዬ ደወሉ።

«ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ነገር ይዘን ብንመጣስ? አሁን እኮ ሁሉም ፖትላክ ነው የሚያደርገው።»

«ይዛችሁ ከመጣችሁማ የማን ድግስ ነው፣ እትዬ?»

«እሺ፣ እንደ ወደድሽ» ብለው ተሰናበቱኝ። ስልኩን ዘግቼ ኮቴን እንደለበስኩ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። ደክሞኝ ነበር። ያደከመኝ ማጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ባዘነልኝ ቁጥር ማመስገኑ ነው።

ጥር ሃያ አንድ ሽሮ ሠራሁ። በአስተርእዮ፣ ያውም በፍስክ ቀን! ወገቤ አላስቆም ስላለኝ ምድጃው አጠገብ ወንበር አስጠግቼ፣ እያረፍኩ አማሰልኩት። ዳቦውን ልጄ ደፋችልኝ። ሴቶቹ መጡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሽሮው ቀረበ። ለአንድ አፍታ ሁሉም ሳህናቸውን አዩ። ከዚያ «እንዴት ይጣፍጣል!»፣ «እጅሽ ይባረክ!» እያሉ ይሽቀዳደሙ ጀመር። መድኃኒቱን የዋጠ ሕፃን ነው እንዲህ የሚወደሰው። ምነው ጽዋውን ባልነካሁት ኖሮ ብዬ ተጸጸትኩ።

ከመካከላቸው ኒው አልባኒ በሚባለው ሰፈር የምትሠራ፣ የማንንም ቤት ወጥ ሳታማ የማትሄድ ሴት አለች። ሁለቴ ጎረሰችና እጇን ሰበሰበች።

«እኔ ግን ዝም አልልም። በጥር ማርያም ሽሮ? እሱስ ይሁን፣ ጨው እንኳን የለውም እኮ!»

እትዬ በዓይናቸው ገሠጿት።

«ጨውማ እዚያ መደርደሪያ ላይ አለልሽ» አልኳት። «እግር የለሽም?»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉም። ሴትዮዋ እያጉረመረመች ተነሥታ ጨው ፍለጋ ወጥ ቤቴን ታምሰው ገባች። ወገቤ እየነደደኝ፣ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ቤቴ በልቶ የሚያማኝ ሰው አገኘሁ።