የአላምረው የሐዘን ጺም

እኔ ካሳውን አልወደውም። ቆቦ ላይ የሚወደው ሰው ካለም አላጋጠመኝም። ሻይ ቤቴ ከፀጉር ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ስድቡን በየቀኑ እሰማለሁ። በማሽን ላጨኝ ያለውን «በግ ነህ እንዴ የምሸልትህ» ብሎ ያባርራል፤ የቸኮለውን ከወንበሩ ያስነሳል። «ጺም የሚቆረጠው በውሃ ነው፤ ምላጭ የሚመጣው ለመጥረግ ነው» ይላል። ፍል ውሃውን የሚወስደው ከእኔ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ «ትርሲት፣ እግዜር ይስጥሽ» ብሎ አያውቅም። እጁን ግን ማማት አልችልም። ካሳው የላጨው ፊት አይቆጣም፣ አያሳክክም።

ይህን ሰው ነው አላምረው የመረጠው። አላምረው የሮቢት ገበሬ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ማን ወደ ማሽላው ይጥለፍ በሚል ጠብ፣ የካሳው ታናሽ ወንድም የአላምረውን ታላቅ ወንድም ሞላን በጥይት ገደለው። አላምረው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጺሙን አልነካም። ገዳዩ እስር ቤት ስለሆነ ደሙ የሚፈለገው ከካሳው ነበር። ካሳውም ሦስት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አያውቅም። የወንድሙን ሥራ ግን በአንዲት ቃል እንኳ አልኮነነም። «የጀመረው ሞላ ነው» ነበር መልሱ።

ደም የሚያደርቁት አስታራቂ፣ አበጋር ሼህ ነጅሙዲን ስንት ጊዜ ተመላልሰው ሁለቱን ወገን ለዕርቅ አበቁ። አላምረው በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀ፤ የሐዘን ጺሙን ካሳው በእጁ ይላጨው፣ አንዲት ጠብታ ደም ከወጣች ግን ዕርቁ ይቅር። ሰው ሁሉ ተንኮሉ የገባው መሰለው። የአላምረው ጺም ወደ ውስጥ እየበቀለ ቆዳውን ያሳብጠዋል፤ ምላጭ ነክቶት ሳይደማ ቀርቶ አያውቅም። እኔም ዕርቅ የማይፈልግ ክፉ ብዬ በልቤ ሰደብኩት።

የዕርቁ ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አላምረው ፀጉር ቤቱ መጣ። ሰላምታ የለም። ሼሁ በር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ቆምኩ። ካሳው ረጅሙን ጺም በመቀስ አሳጠረና ፎጣ ፍል ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨመቀ። ወደ ፊቱ ሲያስጠጋው አላምረው እጁን ያዘው።

«ዓይኔን አትሸፍነኝም።»

«ካልለሰለሰ ይደማል» አለ ካሳው።

«ይድማ።»

«እሱን ፈልገህ ነዋ የመጣኸው።»

«አንተ ምላጭ ይዘህ እኔ ዓይኔን ልጨፍንልህ?»

ሼሁ «ያረብ፣ ምን ይሻላል ከእናንተ» ብለው ተነሱ።  ካሳው የሚታጠፈውን ምላጩን ከፈተና እጀታውን ወደ አላምረው አዞረው።

«በል ያዘው። ፎጣውን እስካነሳ አንተ ጋ ይሁን።»

አላምረው ምላጩን ጨብጦ ተንጋለለ። ካሳው አጎንብሶ ፎጣውን ፊቱ ላይ አለበሰው፤ የራሱ አንገት ከምላጩ ስንዝር አይርቅም። በቀዘቀዘ ቁጥር እኔ ውሃ እጨምራለሁ፤ ሦስት ጊዜ ነከረ፣ ሦስት ጊዜ አለበሰ። የአላምረው ጣቶች እጀታው ላይ ሲጠብቁና ሲላሉ አያለሁ። ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ካሳውን ባልወደውም ሬሳውን ማየት አልፈልግም።

ፎጣው ሲነሳ አላምረው ምላጩን መለሰለት። ካሳው ሳሙናውን በብሩሽ እስኪወፍር መታ፣ ጺሙ ስር ድረስ አሸው፣ እንደገና ጠበቀ። በግራ አውራ ጣቱ ቆዳውን ወጥሮ፣ ጺሙ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ ወረደ። ያበጠው ቦታ ሲደርስ ምላጩን አይጫነውም፤ አረፋውን ብቻ የሚገፍ ይመስላል። ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ሼሁ ዱዓቸውን አቋረጡ። ጨርሶ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበው፤ ነጭ ጨርቅ ጉንጩና አንገቱ ላይ ተጭኖ አነሳና ለሼሁ ዘረጋላቸው። ምንም የለበትም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

አላምረው መስታወቱን አላየም። ዞሮ ካሳውን ነው ያየው። ያኔ እኔም አየሁት። ከጺሙ ስር የወጣው የሞላ ፊት ነበር፤ ያው አገጭ፣ ያው የጉንጭ ስርጉድ። ካሳው ጨርቁን እንደያዘ ቀረ።

«ሞላን ለሰርጉ የላጨሁት እኔ ነበርኩ» አለ ድምፁ ወርዶ።

«አውቃለሁ» አለ አላምረው። «ዕርቁን ላፈርስ አይደለም የመጣሁት። እንድታየው ነው፤ ደም ያልኩትም እጅህ እንዳይቸኩል ነው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አላምረው የወጋው ወገንም እንዳይረሳ ነው የፈለገው። በልቤ የሰደብኩትን ስድብ በልቤ መለስኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ተማማሉ፣ ደሙም ደረቀ።

ሁለቱ ግን ዛሬም ሰላም አይባባሉም። አላምረው በየአስራ አምስት ቀኑ ከሮቢት በሚኒባስ ይመጣል፣ ያችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱን ይሰጠዋል። ፍል ውሃ የማቀብለው እኔ ነኝ። ጺሙ አሁን አጭር ስለሆነ አንድ ጊዜ ቢለሰልስ ይበቃዋል። ካሳው ግን ፎጣውን ቀዝቅዞም ቶሎ አያነሳውም፤ ከስሩ የሚወጣውን ፊት ያውቀዋል።