ስሜ ሲጠራ

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ፖሊስ የውጭ አገር ሠራተኞችን መፈተሽ የጀመረ ሰሞን ከአባቴ ጋር የምንኖርባት የጅዳ ክፍል ሰው የሌለባት መምሰል ነበረባት። የአባቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የወጣው መካ፣ ጀርወል በሚኖር «ከፊል» በሚባል የሥራ ዋስ ስም ነው፤ እሱ ግን ለዓመታት የሠራው እዚያው ጅዳ፣ አል-ባላድ ገበያ፣ በሌላ ሰው ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ነበር። ከከፊሉ ውጭ ለሌላ ሰው ሲሠራ የተገኘ ታስሮ ወደ አገሩ ይላካል። ስለዚህ አባቴ ከቤት መውጣት አቆመ።

ጫማዎቻችንን ከደጃፍ አስገባን። ኤሲውን አጠፋን፤ ውሃው በቱቦው ወርዶ መንገዱ ላይ ሲንጠባጠብ ሰው መኖሩን ያሳብቃል። ማንኳኳት ክልክል ሆነ፤ እኔ የምገባው በቁልፍ ነው። መጋረጃው ቢጫ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ማር ውስጥ የተነከረ ይመስላል። እዚያ ውስጥ እንደ ዓሣ ከንፈራችንን ብቻ እያንቀሳቀስን እናወራለን።

«አብሽር፣» ይለኛል። «አንተ ብቻ ተማር።»

ያን ዝምታ ግን ትምህርት ቤትም ይዤው ሄድኩ። መምህሯ ስም ስትጠራ «አቤት» ማለት አቃተኝ። አፌን እከፍታለሁ፤ ድምፅ የለም። አዲስ ስለነበረች መልካችንን ገና አልለየችም፤ ከመዝገቡ ቀና ሳትል «ቀሪ» ብላ ትጽፋለች። መጽሐፍ ስገልጥም አንዱን መስመር አምስቴ አነባለሁ፤ አባቴን ሙቀቱ አሸንፎት ኤሲውን ከፍቶት ይሆን እያልኩ። ከክፍሉ ሁለተኛ የነበርኩት ልጅ በሒሳብ ከሃያው ስድስት ብቻ አመጣሁ።

ፈተና ሲቃረብ መምህሯ ብዙ በመቅረታቸው የማይፈተኑትን አነበበች። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነበር።

«ይሄ ልጅ መጥቶ ያውቃል?»

«ቲቸር፣ ሁሌ አለ እኮ፣» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ። «ጂኒ ስለሆነ ነው የማይታይዎት።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በእረፍት ሰዓት አስቀርታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ስለ አባቴ ለማንም አልናገርም። ላብ ደርቆ ሸሚዜ ላይ የሠራውን ነጭ መስመር ስታይ ቆየች።

«እሺ። አፍህ እምቢ ካለህ ነገ ዴስኩን በጣትህ ሁለቴ አንኳኳ። እኔ እሰማለሁ።»

በማግስቱ ተጠራሁ። አንኳኳሁ። ልቤ በራሴ ጣት ደነገጠ፤ ወደ በሩ ዞርኩ። ማንም አልገባም። የጠመኔ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። መምህሯ ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች። ከዚያ ወደ ኋላ እየገለጠች «ቀሪ» የሚሉትን አንድ በአንድ ሰረዘች።

ተፈተንኩ። ውጤቴ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን አለፍኩ። የውጤት ካርዱን የተቀበልኩ ቀን የሆነውን ሁሉ ለአባቴ በሹክሹክታ ነገርኩት። ከዚያ ጉልበቴን በጣቱ ሁለቴ አንኳኳው።

«አቤት፣» አልኩት።

ወፍራም ድምፅ ነበር። በእነዚያ የዝምታ ወራት ድምፄ ጎርንኖ ኖሯል፤ ሁለታችንም ገና መስማታችን ነው።